በሽምብራ የተቆጠረ ልብ ወለድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ ካፖርትና አንድ ጃንጥላ ሰጥተው ሸኙኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ለሚያረጅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። አለቃችን ለምስጋና ተነሡና፣ ይህ ሰው በመዝገብ ቤት አገልግሎቱ ዘመን ሁሉ አንዲት ወረቀት አልጠፋችበትም አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም እጅ ነሣሁ። ነገሩ እውነት ነው፤ አንዲትም አልጠፋችብኝም። አንዲት ግን ጨምሬያለሁ። እሷ ያደረሰችውን ጉዳት አለቃችን አያውቁም፤ እኔም ድግሱን ማበላሸት አልፈለግሁም። አሁን ግን ካፖርቴን ለብሼ ፀሐይ ከምታገኘው መስኮት ሥር ተቀምጫለሁና ልናገረው።

ሥራ የጀመርሁት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ደብረ ብርሃን በግልባጭ ጸሐፊነት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ አቶ በቀለ የወረቀት ህዳግ በክብሪት እንጨት የሚለኩ ሰው ነበሩ። ደብዳቤ ጽፌ ሳቀርብ አያነቡትም፤ መጀመሪያ ከኪሳቸው ክብሪት ያወጡና አንዷን እንጨት ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያስተኟታል። የእንጨቷ ራስ ፊደሌን ከነካ ወረቀቱ ይመለሳል። ህዳጉ ሁለት እንጨት ካስተኛም ይመለሳል፤ የመንግሥት ወረቀት የግጦሽ መሬት መሰለህ ወይ ይሉኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቀለሙ ጠርሙሱ ውስጥ ስለሚረጋ፣ ጠርሙሱን ብብቴ ሥር ወትፌ ነበር ቢሮ የምገባው። ሁለት ሸሚዝ እንዲህ አለቀብኝ። ስለ ደመወዙ፣ ሸሚዙን ለመተካት አይበቃም ነበር ካልሁ ይበቃል።

አቶ በቀለ አንድ ሃይማኖት ነበራቸው። መዝገብ አንድ ቁጥር፣ ሰነድ ሌላ ቁጥር ከተናገሩ ጥፋቱ የሰነዱ ነው። ሰው ይረሳል፣ ወረቀት ይጠፋል፣ መዝገብ ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። እኔም ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ደገምኋት። ኋላ መዘዝ ያመጣችብኝ እሷ ናት።

ከሦስት ዓመት በኋላ በአንኮበር አቅጣጫ ወዳለች አንዲት ወረዳ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ተብዬ ተዛወርሁ። ኃላፊነቴ በማን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና አይጦቹ ብቻ ነን። ወረዳዋን በስም አልጠራም። በእኔ ጥፋት የእሷ ስም ለምን ይነሣል።

እዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲካሰስ እሰማለሁ። ከሳሽ አንድ ታሪክ ይናገራል፤ ተከሳሽ ያንኑ ታሪክ ገልብጦ ይናገራል፤ ሁለቱም ይምላሉ። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ዳኛ ያልሆንሁትም ለዚህ ይመስለኛል። ታዲያ አንድ ቀን፣ ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ ታሪክ በራሴ ውስጥ መጣ፤ የሟች ወንድሙን መሬት ለመውሰድ በሐሰት ስለማለ ሰው። ልብ ወለድ እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ተነሥቼም መጀመሪያ ያደረግሁት መዝገብ መክፈት ነው። ከጎረቤላ ገበያ ወፍራም ደብተር ገዛሁና በቀይና በጥቁር ቀለም ዐምድ ዐምድ አድርጌ አሰመርሁት፦ ቀን፣ የገጽ ቁጥር፣ ስለ ምን እንደተጻፈ፣ የተሰረዘ መስመር ብዛት፣ ምርመራ። ማስመሩ ብቻ ሁለት ወር ፈጀ። ከዚያም በየቀኑ ቁጭ ብዬ «ምርመራ» በሚለው ዐምድ ሥር «አልተጻፈም» እያልሁ እሞላ ጀመር። ምክንያቱንም በጥንቃቄ እመዘግባለሁ፦ በዓለ ሚካኤል፣ በዓለ ገብርኤል፣ በዓለ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ እንግዳ መጣ። መዝገቡ እንዴት ያምር ነበር።

ይህን የሠራሁትን ጉድ ይዤ የኔታ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድሁ። የኔታ የቤተ ክርስቲያኑ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ከአባታቸው ጀምሮ ብራና ሲጽፉ የኖሩ የአንኮበር ሰው። መዝገቤን ከዳር እስከ ዳር ገለጡት፤ መስመሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«መጽሐፉስ የታል?» አሉኝ።

ገና እንዳልጀመርሁ፣ መዝገቡ ግን ዝግጁ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«ይኼን ሁሉ ቅዱስ ለስንፍናህ ምስክር ልትቆጥር ነው እንዴ የደከምከው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቢሮ በፊት ጠዋት ጠዋት እሳቸው ደጅ እሄድ ነበር። ብዙ አይናገሩም፤ ያስተማሩኝ ሲሠሩ በማየቴ ነው። ኪዳን አድርሰው ይመጡና ደጃፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ ቀኝ ጉልበታቸውን አቁመው ይቀመጣሉ። ቀለሙን የያዘውን ቀንድ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ይተክሉታል። ብራናው ትናንት በወስፌ ተወግቶ ተሰምሯል፤ መስመር አሁን አይሰመርም። መቃ ብዕሩን ነክረው በቁራጭ ብራና ላይ ሦስት ፊደል ይጽፉና ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዩታል። ካልጣማቸው መቃውን እንደገና ይቀርጻሉ። ከጣማቸው ይጀምራሉ፤ ከጀመሩ ወዲያ መስመሩ ሳያልቅ ለማንም አይመልሱም። ሰው «እንዴት አደሩ» ሲላቸው የግራ ትንሿን ጣታቸውን ያነሣሉ፤ ቆይ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ምክትል ገዥው በበቅሎ መጥተው፣ ያቺን ጣት አይተው፣ መስመሩ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። በዓል ሲሆን መቃ አይነኩም፤ የትናንቱን ያነቡና ግድፈት ይፈልጋሉ። የቀኑ ልክ ሲሞላ ደግሞ ቃሉ መካከል ላይም ቢሆኑ ያቆማሉ።

ለምን ቃሉን እንኳ እንደማይጨርሱት ጠየቅኋቸው።

«ጭራውን ፍለጋ ነገ ከአልጋ ያስነሣኛላ» አሉኝ።

ለእኔም ልክ ቆረጡልኝ። በቀን አንድ ገጽ፤ አይነስም፣ አይብለጥም። ቢበልጥ ምን ክፋት አለው ብላቸው፣ ዛሬ ሁለት የጻፈ ነገ እንግዳ ይጠራል አሉኝ። መዝገቤን ወሰዱብኝና በምትኩ አፈ ጠባብ ቅል ሰጡኝ። አንድ ገጽ ስጽፍ አንድ ሽምብራ እንድጥልበት ነው። ወረቀት ላይ እንዳልቆጥር ከለከሉኝ፤ አንተ የመዝገብ ሰው ነህ፣ ቁጥሩን ማሳመር ትጀምርና መጽሐፉን ትረሳዋለህ ብለው። ሽምብራ አያምርም። መጽሐፉ ሲያልቅም በዋንዛ ገበታና በቆዳ እሳቸው ራሳቸው እንደሚጠርዙልኝ ቃል ገቡልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፤ ዐይናቸው እየደከመ ነው፤ የመርፌውን ቀዳዳ እያዩ ሳሉ እንድደርስላቸው። የእሳቸው እጅ የጠረዘው መጽሐፍ ባለቤት መሆን ለእኔ ከሹመት ይበልጥብኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ የምሮጠው ከዐይናቸው ጋር ነው።

ቅሉን ቤት ወስጄ ከምሰሶው ላይ ሰቀልሁት። ባለቤቴ ዘነበች ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ መጽሐፌን የምታውቀው በድምፁ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቅሉን ትነቀንቅና ታዳምጣለች። «ዛሬስ ወፈር ብሏል» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ሳልጽፍ ስቀር ነቅንቃ ዝም ትላለች፤ ያን ዝምታዋን ሽሽት የጻፍሁት ገጽ ጥቂት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ምን ይመስሉ እንደነበር ባልናገር ደስ ባለኝ። እጄ ከቢሮ ሌላ ቋንቋ አያውቅማ። ምዕራፉ የሚጀምረው «ጉዳዩ፦» ብሎ ነው። ጀግናው የሚወዳትን ልጅ ምንጭ ዳር ያገኛትና፣ ከላይ በተገለጸው ምክንያት ስለምወድሽ አስፈላጊው ሁሉ እንዲፈጸምልኝ በትሕትና አመለክታለሁ ይላታል። ይህን ለየኔታ አነበብሁላቸው።

«እሷስ በስንት ቀን መልስ ትስጥ?» አሉ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የጻፍሁትን ገጽ ቀለሙ እስኪደርቅ ብዬ ከቢሮ አቃፊዬ ውስጥ እከተውና ይዤው እገባ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሜ አየዋለሁ። ሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ በሐሰት የማለው ሰውዬ ብቻውን ሆኖ፣ ለማንም የማይናገረውን ኑዛዜ ይለማመዳል። «እኔ በሐሰት ምያለሁ። መሬቱ የእኔ አይደለም። ይህን የምለው ማንም ሳያስገድደኝ ነው» ይላል። ህዳጉ በአቶ በቀለ ክብሪት ቢለካ የማይዛነፍ፣ ንጹሕ ወረቀት። በሰኔ አንድ ጠዋት ይህ ገጽ ከአቃፊዬ ወጥቶ ከወይዘሮ አስካለ መዝገብ ውስጥ ገባ። እኔው በእጄ፣ ሳላስተውል ከሌላው ወረቀት ጋር በክር አስሬ።

ወይዘሮ አስካለ ከአፋፉ ሥር የመጡ ባልቴት ናቸው፤ በሟች ባላቸው መሬት ላይ ከባላቸው ወንድም ጋር ይካሰሳሉ። ዳኛው ግራዝማች መዝገቡን ሲያገላብጡ ወረቀቷን አገኟትና ጮክ ብለው አነበቧት። የባል ወንድም ፊቱ በራ። ወይዘሮ አስካለ እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠሁም፣ ማንስ ጻፈው እያሉ ዙሪያቸውን ያያሉ። ግራዝማች ወረቀቷ አሻራ እንደሌላት አይተዋል፤ ሆኖም ነገሩ ይጣራ ብለው ቀጠሮውን ከክረምቱ በኋላ አደረጉት። እስከዚያ መሬቱን ከሁለቱም ወገን ማንም እንዳያርስ ታገደ። በሰኔ ወር።

እኔ ከጥግ ተቀምጬ ነበር። የእኔ ናት ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ነው። አላልሁም። እንጀራዬን ፈራሁ፣ መሳቂያ መሆንም ፈራሁ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደባሰ እንኳ አላውቅም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። በስምንተኛው ቀን ግራዝማች ፊት ቀርቤ ተናዘዝሁ። ወረቀቴን መለሱልኝ፣ የግማሽ ወር ደመወዝ ቀጡኝ፣ በሥራ ዘመኔ ሰምቼ የማላውቀውን ስድብ ሰደቡኝ። እግዱን የሚያነሣ ትእዛዝም ወዲያው ጻፉ፤ ነገር ግን ወንዙ ሞልቶ መልእክተኛው ሳይሻገር ሰነበተ፤ ሲደርስ የዘር ጊዜው አልፏል። ያን ዕለት ከፊታቸው ልወጣ ስል ግን ግራዝማች ጠሩኝ።

«ቆይ እስኪ። ያ ሰውዬ መሬቱን ይመልሳል ወይስ አይመልስም?»

«ገና አልደረስሁበትም፣ ጌታዬ።»

«ድረስበት» አሉኝ።

ይህች አንዲት ቃል ልቤን አሳበጠችው። የመጀመሪያ አንባቢዬ ዳኛ ነዋ። ክረምቱን ሁሉ በቀን አንድ ገጽ እየጻፍሁ ሽምብራዬን እጥል ነበር፤ ስለ ሴትዮዋ ማሰብም ትቼ ነበር ብል ውሸት አይደለም። በመስከረም ቀጠሮው ደረሰና ወይዘሮ አስካለ መጡ፤ ተፈረደላቸውም። ፍርዱን ሲቀበሉ ወረቀቱን የማስፈርማቸው እኔ ነኝ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሬ፣ ያቺ የሰኔዋ ወረቀት ከልብ ወለዴ የወጣች እንደነበረች ነግሬ ይቅር እንዲሉኝ ለመንኋቸው። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለሌለ ሰው ብለህ ያለሁትን ሴት ጦሜን አሳደርከኝ» አሉኝና ሄዱ።

ቤቴ ገብቼ ብዕሬን ሰቀልሁ። በቂም አልነበረም፤ አፍሬ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥን ሥር ከተትሁት። የኔታ ደጅም መሄድ ተውሁ። ዘነበች ግን ጠዋት ጠዋት ቅሉን መነቅነቋን አልተወችም። እኔም የራሷ ጉዳይ ነው ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ወር ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ የኔታን ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ገበታው ተጠርቦ ደርቋል አሉኝ። ቆዳውም ለፍቷል። መርፌውን ዛሬ ክር ያስገቡበት በአራተኛው ሙከራ እንደሆነም ጨመሩ። ለምን ቀረህ ብለው አልጠየቁኝም። እኔም እያረርሁ ቤት ገባሁና መጻፉን እርግፍ አድርጌ መተው አለብኝ አልሁ፤ ለዘነበች ሽምብራውን ወስደሽ ሽሮ አድርጊው አልኋት።

«የመዝገብ ሰው አይደለህ እንዴ?» አለችኝ። «ሳትቆጥር ታስረክባለህ?»

እውነቷን ነው። ቅሉን ሰፌድ ላይ ገለበጥሁና ቆጠርሁ። መቶ ስድሳ ሦስት። ደግሜ ቆጠርሁ፤ መቶ ስድሳ ሦስት። ከሣጥኑ ሥር ያለውን ጥቅል አውጥቼ ገጾቹን ቆጠርሁ። መቶ አሥራ ሁለት። ሃምሳ አንድ ገጽ ጎድሏል!

ሌላ ሰው ቢሆን ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ ግን በአቶ በቀለ እጅ ያደግሁ ነኝ። መዝገቡ መቶ ስድሳ ሦስት ካለ፣ መቶ ስድሳ ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ። አለመጻፌን ማስታወሴ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው ይረሳል። ሽምብራውን መልሼ የቅሉን አፍ በሰም አሽጌ፣ የእሽግ ማኅተም ስለሌለኝ በአውራ ጣቴ አትሜ፣ ፍለጋ ጀመርሁ። አልጋ ሥር ፈለግሁ፣ ጎተራ ውስጥ ፈለግሁ፣ የጣራውን ክዳን እንኳ ገልጬ አየሁ። በቤት የለም። ያን ጊዜ መዝገብ ቤቱ ትዝ አለኝ። አንዲት ገጽ አንዲትን ሴት እንዲያ ካደረገች፣ ሃምሳ አንዱ ገጽ በሃምሳ አንድ ሰው መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንደሆነስ?

ሦስት ሳምንት ሙሉ የመዝገብ ቤቱን ፋይል አንድ በአንድ ፈታሁ። የበግ ስርቆት፣ የድንበር ክርክር፣ የጥሎሽ ጣጣ፤ የዐሥር ዓመት ጠብ ሁሉ በእጄ አለፈ። በየገጹ ጀግናዬ ብቅ ብሎ እንዳይመሰክር እየፈራሁ ነው የማነበው። የጎረቤት አጥር ስለመነቅነቅ የቀረበ አንድ ማመልከቻ በጣም ጥሩ ሆኖ ቢገኝ የእኔ ነው ብዬ ደነገጥሁ፤ የእኔ አልነበረም። ግራዝማች አቧራ ለብሼ ሲያዩኝ፣ ይህን የመሰለ ትጉህ ሠራተኛ አላየሁም ብለው ለበላይ ጻፉልኝ። የመጀመሪያዋን የደመወዝ እርከን ያገኘሁት በዚህ ነው።

ገጾቹ አልተገኙም። ስለዚህ በሕጉ መሠረት የጠፋ ሰነድ ምትክ ይዘጋጅለታል። በማግስቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ መቶ አሥራ ሦስተኛውን ገጽ ጻፍሁ፤ ቅሉ ቀድሞ ስለቆጠረው ሽምብራ አልጣልሁም። በጠፋው ላይ ምን ብዬ እንደነበር ግን ጨርሶ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴትዮ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ጻፍሁ። ሰውዬው የማለባት የሟች ወንድሙ ሚስት እስከዚያ ድረስ በመጽሐፉ ውስጥ ፊት አልነበራትም፤ አሁን መጣች፤ ስትመጣም «ከላይ እንደተጠቀሰው» የምትል ሴት አልሆነችም። በየቀኑ አንድ ገጽ፣ ቃሉ መካከል ላይ እያቆምሁ፣ ሃምሳ አንዱን ተካሁ። ከቅሉ ጋር ስደርስ ሰሙን ፈትቼ መቶ ስድሳ አራተኛውን ሽምብራ ጣልሁ። ዘነበች ነቅንቃ አዳመጠችና፣ «ወፍሯል» አለች።

ሁለት መቶ አርባ ላይ አለቀ። ጥቅሉን ይዤ ስደርስ የኔታ መርፌውን ሰጡኝ፤ ቀዳዳው አይታያቸውም ነበር። ክሩን እኔ አስገባሁ፤ ቀሪውን ጣቶቻቸው ያውቁታል። እሳቸው እየሰፉ እኔ እያነበብሁ ሰባት ጠዋት ተቀመጥን። ሰውዬው መሬቱን የሚመልስበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መርፌያቸው ቆመ። ያቺን የግራ ትንሽ ጣት አነሡ።

«ይኼ ውሸት ነው» አሉ። «ግን በሥርዓት የተዋሸ ነው።»

ከጠረዙት መጽሐፍ ሁሉ የመጨረሻው የእኔ ሆነ። ማሳተሚያ ቤት ወስጄው ነበር፤ ገበታው እንዴት ያምራል ብለው መለሱልኝ። ለወይዘሮ አስካለ ግን በገበያ ቀን ጎረቤላ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የእሳቸውን ምዕራፍ አነበብሁላቸው። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እህላቸውን ሳይሸጡ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ ስሜን ለምን ቀየርከው ብለው ተቆጡኝ።

የኔታ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ፣ ፋይል አስሬ ፈትቼ፣ ካፖርትና ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ሰኞ ነው። ልማዴ ነውና ያንኑ ቅል ባዶውን አውርጄ በቀን አንድ ገጽ፣ በገጽ አንድ ሽምብራ ማለት ጀመርሁ፤ ረቡዕና ሐሙስ ግን ብርዱ ስለከበደ ከአልጋ ሳልነሣ ቀረሁ። የጻፍሁት ሁለት ገጽ ነው። ዛሬ ዓርብ ሦስተኛውን ሽምብራ ልጥል ቅሉን ሳነሣው ከበደኝ። መዳፌ ላይ ገለበጥሁት። አራት።

ሁለት ገጽ፣ አራት ሽምብራ። ሁለት ቀን ያልጻፍሁበት። ከዚያ ያ መከር ትዝ አለኝ፤ ሁለት ወር ሊሞላ ዘጠኝ ቀን የቀረው። አንድ ሁለት ብዬ በጣቴ አሰላሁት፤ ሃምሳ አንድ ቀን። ይኼን ሁሉ ዘመን የጠፋ ወረቀት ስፈልግ የኖርሁ ሰው፣ እፊቴ የነበረውን አላየሁም። ዘነበች ከደጃፉ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች። ብዙ አየኋት፤ ቀና አላለችም።

«ዘነበች፣ ይኼ ቅል ትክክል አይደለም» አልኋት።

«መዝገብ አይዋሽም» አለችኝ፤ ለቀማዋን ሳታቆም።

መዝገቡ አራት ይላል፣ ሰነዱ ሁለት ነው፤ ጥፋቱ የሰነዱ ነው። ወንበሬን ወደ መስኮቱ ሳብሁና የጎደለውን መጻፍ ጀመርሁ።